ለአንድ ሰው የተሰፋች መንኮራኩር

አራት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። መሐላቸው ወረቀት፣ እርሳስና ሁለት ዳይስ አለ። አንዱ «ዳኛ» ነው፤ የታሪኩን ዓለም የሚተርከውም የሚፈርደውም እሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ወክለው «በሩን እከፍታለሁ»፣ «እሸሻለሁ» እያሉ ታሪኩን ይገፉታል። የሚና ጨዋታ የሚባለው ይኸው ነው። ከመካከላቸው አንዱ ድንገት «የራሴ መንኮራኩር ትኑረኝ፤ ትንሽ፣ ለእኔ ብቻ የምትበቃ» ይላል። ዳኛው እርሳሱን ያነሳል። ጣጣው የሚጀምረውም ያኔ ነው።

ትንሽ መሥራት ቀላል ይመስላል። ትልቋን ወስዶ ማሳነስ ነዋ! ኮምፒውተሩ ያንሳል፣ ሞተሩ ያንሳል፣ ግድግዳው ይሳሳል። ሰውዬው ግን አያንስም። ያው 70 ኪሎ ነው፤ ያው ይተነፍሳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይጸዳዳል። መንኮራኩሯ ባነሰች ቁጥር ከክብደቷ የእሱ ድርሻ ከፍ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ንድፉ ከክንፍና ከመሣሪያ ሳይሆን ከወንበሩ መጀመር አለበት ባይ ነኝ።

ይህን በእውኑ ዓለም የሞከሩት አሉ። የአሜሪካዋ ሜርኩሪ ለጠፈርተኛው የምትተወው ክፍት ቦታ 1.7 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ነበር፤ አንድ ቁም ሣጥን ማለት ነው። እንደ ልብስ የምትለበስ እንጂ የሚገባባት አይደለችም እየተባለ ይቀለድባት ነበር። የሶቭየቷ ቮስቶክ ሰፋ ትላለች፦ ሰውዬው የሚቀመጥባት ሉል 2.3 ሜትር ስፋት ነበራት፣ ጠቅላላ ክብደቷም 4.7 ቶን ገደማ ነበር። ዩሪ ጋጋሪን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1961 በእሷ ምድርን ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ። መሪው ግን በእጁ አልነበረም። ክብደት አልባነት የሰውን አእምሮ ምን እንደሚያደርገው ስላልታወቀ፣ መቆጣጠሪያው ተቆልፎ መክፈቻው ቁጥር በፖስታ ታሽጎ ነበር የተቀመጠለት። ቁጥሩ 125 ነው። እኔ ዳኛ ብሆን ኖሮ ይህቺን ፖስታ ከየትኛውም የጨረር መሣሪያ አስበልጣት ነበር።

ወደ ስንቁ እንመለስ። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የሚያስወጣው የተቃጠለ አየር 1 ኪሎ ይደርሳል። የሚጠጣው 2.5 ሊትር ያህል ነው። ምግቡ ከነማሸጊያው ሲጨመር ድምሩ ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ለአሥር ቀን 50 ኪሎ፤ ከራሱ ከሰውዬው ያነሰ። ለመቶ ቀን ግን ግማሽ ቶን። የአንድ ሰው መንኮራኩር የአጭር ጉዞ መንኮራኩር የምትሆነው ለዚህ ነው።

አየሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ መንቀሳቀስም አለበት። ምድር ላይ የተነፈስነው ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ይሄድልናል። ክብደት በሌለበት ግን ሽቅብም ቁልቁልም የለም፤ የተኛ ሰው አጠገቡ ማራገቢያ ከሌለ ያስወጣው አየር ፊቱ ላይ ተከማችቶ ያፍነዋል። ስለዚህ መንኮራኩር ውስጥ ማራገቢያ ሌት ተቀን ይጮኻል። አብራሪውን ከእንቅልፉ የሚያባንነው ጩኸቱ ሳይሆን ዝምታው ነው።

ሙቀቱስ? ብዙ ሰው ጠፈር ቀዝቃዛ ስለሆነ መንኮራኩር የምትቸገረው በብርድ ይመስለዋል። እቤታችን ያለው ፔርሙስ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያቆየው ግን በግድግዳዎቹ መካከል ባለው ባዶነት ነው፤ መንኮራኩርም በባዶነት የተከበበች ፔርሙስ ናት። ሰውዬው ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንኳ እንደ ባለ 100 ዋት አምፖል ይሞቃል። ኤሌክትሮኒክሱና ሞተሩ ሲጨመር ሙቀቱ በጨረራ መልክ ካልወጣ በቀር መውጫ የለውም። በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ካሬ ገጽ ቢበዛ 460 ዋት ያህል ቢጥል ነው። መንኮራኩሯ 5 ኪሎዋት ሙቀት ካላት ወደ 11 ሜትር ካሬ ማቀዝቀዣ ክንፍ ያሻታል። በፊልም የምናያቸው ለስላሳ ተዋጊ መንኮራኩሮች ይህ ክንፍ የላቸውም፤ አብራሪዎቻቸው እስካሁን ተቀቅለው ነበር።

አሁን ወደ ነዳጁ፤ የሁሉም ንድፍ መቃብር ወደሆነው። ሩሲያዊው መምህር ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ የምንፈልገው ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ነዳጁ የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው፤ ነዳጁን ራሱን የሚሸከም ነዳጅ ያስፈልጋልና። ለተጫዋቻችን አንድ ሥራ እንስጠው፦ በጨረቃ ዙሪያ ከሚዞር ጣቢያ ወርዶ፣ ጨረቃ ላይ አርፎ ይመለስ። ለደርሶ መልሱ በሴኮንድ 4 ኪሎሜትር ያህል የፍጥነት ለውጥ ይበቃዋል። መንኮራኩሯ ሰውዬውን ጨምሮ ያለ ነዳጅ 2 ቶን ትመዝን። ጭሱ በሴኮንድ 3 ኪሎሜትር የሚወጣ ሞተር ከገጠምንላት 5.6 ቶን ነዳጅ ትጠይቃለች። ተጫዋቹ «አንድ ኪሎ ቡና ልያዝ» ቢል፣ ዳኛው «ከ2.8 ኪሎ ነዳጅ ጋር» ይበለው። ጀበናውንም ይተወው፤ ክብደት በሌለበት ቡና አይቀዳም።

ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚያነድ ሞተር ይሻላል፤ 3 ቶን ነዳጅ ብቻ ይበቃዋል። ግን ሃይድሮጅን እንደ ገለባ ነው፤ ቀላል ሆኖ ጎተራ ይሞላል። ከ3 ቶኑ ውስጥ ክብደቱ አንድ ሰባተኛ ብቻ ሆኖ ሳለ 6 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ስድስት እጥፍ የሚከብደው ኦክስጅን ግን ከሁለት ሜትር ኩብ ብዙም አያልፍ። መንኮራኩሯ ጋን ሆነች፤ ሰውዬው ጋኑ ላይ የተለጠፈ ክዳን።

ይህንን የጋን ነገር በሚገባ የተረዳ ጨዋታ አለ። ትራቨለር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ ታተመ፣ ዋና ነዳፊው ማርክ ሚለር ነው። በትራቨለር «ቶን» የክብደት መለኪያ አይደለም፤ አንድ ቶን ፈሳሽ ሃይድሮጅን የሚይዘው ቦታ ነው፣ 14 ሜትር ኩብ ገደማ። ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚደረገው «ዝላይ» ፈጽሞ ልብወለድ ነው፤ ዋጋው ግን በጥብቅ ይቆረጣል። ለእያንዳንዱ ፓርሴክ፣ ማለትም 3.26 የብርሃን ዓመት፣ የመንኮራኩሯ አሥር በመቶ ለነዳጅ ይሄዳል። ከ100 ቶን በታች የሆነችማ ጭራሽ አትዘልም። ውሸቱ አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሒሳቡ አይዋሽም። ጎበዝ ልብወለድ ጸሐፊም ከዚህ የተሻለ ውል አይገባም።

የዚያው ጨዋታ ባለ 10 ቶኗ የአንድ ሰው ተዋጊ ግን ታሳቀኛለች። ከምድር ስበት ስድስት እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ትፈጥናለች፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሴኮንድ 212 ኪሎሜትር ትደርሳለች። ይህን በሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለማድረግ፣ ለአንድ ቶን መንኮራኩር ከጨረቃ ክብደት አሥር እጥፍ የሚበልጥ ነዳጅ ያስፈልግ ነበር። ቁጥሩን ሁለቴ አስልቼዋለሁ።

የእኔ ምርጫ ፖስተኛዋ ኤክስ-ቦት ናት። በትራቨለር ዓለም ከመንኮራኩር የሚቀድም መልእክት የለም፤ ዜናና ደብዳቤ በእነዚህ ጀልባዎች ይሄዳል። ኤክስ-ቦት 100 ቶን ናት፣ 40 ቶኑ ነዳጅ፤ በአንድ ዝላይ 4 ፓርሴክ ታልፋለች። ተራ መንቀሳቀሻ ሞተር የላትም፤ ከዝላዩ ስትወጣ ባለችበት ቆማ ሌላ መርከብ እስኪጎትታት ትጠብቃለች። አብራሪው አንድ ነው። ልብ በሉ፣ 100 ቶን ማለት 1,400 ሜትር ኩብ ነው፤ የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አየር የሞላበት ክፍል እንኳ 1,000 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ጨዋታው «ትንሽ» የሚላት ያቺን ነው።

ለጨዋታ የአንድ ሰው መንኮራኩር አንድ እንከን አላት፤ አንዱ ሲበር ሁለቱ ሻይ ይጠጣሉ። መላው ለየሰው አንዳንድ ሰጥቶ በሬዲዮ ማገናኘት ነው። ግን የብቸኛው አብራሪ ታሪክ የሚያምረው ሁሉም ነገር ሲበላሽበት ነው። አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ጎርደን ኩፐር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1963 ብቻውን 22 ጊዜ ምድርን በዞረበት በረራ መገባደጃ ላይ የሜርኩሪው አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ከዳው፤ የተቃጠለ አየርም ይጠራቀምበት ጀመር። ሰዓቱን ከእጅ ሰዓቱ፣ አቅጣጫውን ከመስኮቱ እያየ በእጁ መርቶ አወረዳት፤ ከምትጠብቀው መርከብ 7 ኪሎሜትር ገደማ ላይ አረፈ። ዳኛ ሆይ፣ ዳይሱን የምታስጥለው እዚህ ላይ ነው።

ኤክስ-ቦት ዝላይዋ አንድ ፓርሴክም ይሁን አራት፣ ጉዞው አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ አብራሪው ሳምንቱን ብቻውን ነው። በእውኑ ዓለም ብቻውን በጠፈር በረራ ረጅም ጊዜ የቆየው የቮስቶክ 5 አብራሪ ቫሌሪ ባይኮቭስኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1963። አምስት ቀን ሊሞላው አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ወረደ። ከዚያ ወዲህ የበለጠው የለም።