የእጅ ስልክና ማማው፤ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የተሰጠ መግለጫ

ተንቀሳቃሽ ስልክ ራሱን የቻለ ሙሉ መሣሪያ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በገዢው እጅ ያለው ዕቃ የመሣሪያው ግማሽ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ በየኮረብታውና በየሕፃው አናት በቆመው ማማ ላይ ይገኛል። ሁለቱ ካልተስማሙ ስልኩ ምንም ያህል ውድ ቢሆን መደወል አይቻለውም። ስለዚህ የስልክ ነጋዴ የማማውን ነገር ማወቅ ይገባዋል።

የአሠራሩ መሠረት አገሩን «ሴል» በሚባሉ ትናንሽ ክልሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ የራዲዮ ጣቢያ ማቆም ነው። በዚህም አንዱን ፍሪኩዌንሲ ራቅ ባለ ክልል መልሶ መጠቀም ይቻላል። የመጀመሪያው የንግድ አገልግሎት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በቶኪዮ ተከፈተ። በ1991 በፊንላንድ የጀመረው ሁለተኛው ትውልድ፣ ማለት ጂ.ኤስ.ኤም.፣ ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጦ መላክን አስገኘ፤ ወደ አገራችንም በ1999 የገባው ይኸው ነው። ሦስተኛው ትውልድ በ2001 በጃፓን፣ አራተኛው በ2009 በስቶክሆልምና በኦስሎ፣ አምስተኛው በ2019 በደቡብ ኮሪያና በአሜሪካ ለገበያ ቀረቡ።

ዕቃውም አብሮ ተለውጧል። ቀድሞ ራዲዮው በማማው ሥር በተሠራ ክፍል ተቀምጦ በወፍራም የመዳብ ኬብል ከአንቴናው ጋር ይገናኝ ስለ ነበር፣ ከኃይሉ ከፊሉ በመንገድ ይባክን ነበር። በኋላ ራዲዮው ትንሽ ሣጥን ሆኖ ወደ አንቴናው አጠገብ ወጣ፤ የመዳቡንም ቦታ ፋይበር ኦፕቲክ ያዘ። በአምስተኛው ትውልድ ደግሞ ራዲዮና አንቴና በአንድ ሰሌዳ ተጠቃለሉ።

አዲሱ ሲተከል አሮጌው የሚነሣበት ጊዜ ይመጣል። በ2022 በአሜሪካ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ሦስተኛውን ትውልድ ሲዘጉ፣ አራተኛ ትውልድ ከተባሉት ስልኮች እንኳ አንዳንዶቹ መደወል ተሳናቸው። ምክንያቱም ኢንተርኔትን በአራተኛው፣ ድምፅን ግን በቀድሞው መንገድ ያስተላልፉ ነበርና ነው። በአራተኛው ትውልድ ድምፅን የሚያሳልፈው አሠራር «ቮልቲ» ይባላል።

እንግዲህ አስመጪ ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር፤ ይኸውም የስልኩ ፍሪኩዌንሲዎች ከአገሩ ማማዎች ጋር መስማማታቸውን፣ ቮልቲው በአገሩ ኩባንያ መስመር ላይ በእርግጥ መሥራቱን፣ ስልኩም ለአንድ የውጭ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ አለመሆኑን ነው። በውጭ ገበያ ዋጋው በድንገት የወደቀ ስልክ ሲቀርብለትም ስለ ምን እንደ ረከሰ ይጠይቅ። ይህን ቸል ያለ ነጋዴ ገንዘቡን በመጋዘን አስሮ ይቀራል።