የትምህርት ቤቱ ፖሊስ አዛዥ ማን ነው?

አሜሪካ እንደገባ ልጁን ሊያስመዘግብ ወደ ትምህርት ቤት የሄደ ወላጅ፣ ኮሪደሩ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ፖሊስ ሲያይ ደንገጥ ይላል። ምንም አልተፈጠረም፤ ሰውየው የዘወትር ሥራው ላይ ነው። «ስኩል ሪሶርስ ኦፊሰር» ይባላል፣ ሲያጥር «ኤስ አር ኦ»። በር ላይ ከሚቆመው ጥበቃ ይለያል። ጥበቃው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ነው። ኤስ አር ኦው ግን ቃለ መሐላ የፈጸመ፣ የማሰር ሥልጣን ያለው ፖሊስ ነው፤ በአብዛኛው ትእዛዝ የሚቀበለውም ከከተማው ፖሊስ ወይም ከካውንቲው ሸሪፍ ነው። ርእሰ መምህሯ ልታማክረው ትችላለች፤ አለቃው ግን አይደለችም። የክርክሩ ሁሉ ሥር ያለው እዚህ ይመስለኛል።

አሠራሩ የተጀመረው በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሚቺጋን ግዛት ፍሊንት ከተማ፣ ፖሊስንና ወጣቱን ለማቀራረብ ነበር። በመላ አገሪቱ የተስፋፋው ግን በ1999 በኮለምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 12 ተማሪዎችና አንድ መምህር ከተገደሉ በኋላ ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ለቅጥሩ ብዙ ገንዘብ መደበ። ኮለምባይን ያን ዕለትም የተመደበለት ፖሊስ ነበረው። ከገዳዮቹ ጋር ተኩስ ቢለዋወጥም ሊያስቆማቸው አልቻለም። በ2018 በፍሎሪዳዋ ፓርክላንድ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ በተከፈተ ተኩስ 17 ሰው ሲያልቅ የትምህርት ቤቱ መኮንን ሕንፃው ውስጥ ሳይገባ ውጭ ቆየ። ይህን እያወቀም ቢሆን ልጁን በየጠዋቱ የሚልክ ወላጅ «ማንም ከሌለ አንድ የታጠቀ ሰው ይሻላል» ቢል አይፈረድበትም።

ችግሩ ተኩስ በሌለባቸው ቀናት ነው፤ እነሱ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀናት ናቸው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ፖሊስ ባለበት ትምህርት ቤት ድብድብ ይቀንሳል፤ ከትምህርት መታገድና መታሰር ግን ይጨምራል፤ ይበልጡን ጥቁር ተማሪዎች ላይ። የእኛም ልጆች እዚያ ቁጥር ውስጥ ናቸው።

በሰሜን ካሮላይና ቻፕል ሂል ከተማ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከመማሪያ ክፍሉ በፖሊስ ተጠርቶ ወጣ። የተጠረጠረው ቤት ሰብሮ በመስረቅ ነው። ወደ ስብሰባ ክፍል አስገቡት፣ በሩ ተዘጋ፤ ፖሊሶችና የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ጠየቁት። ምክትል ርእሰ መምህሩ እውነቱን እንዲያወጣ መከረው። ለምታሳድገው አያቱ የደወለ የለም። አለመመለስ እንደሚችል የተነገረው ካመነ በኋላ ነበር። በቁጥጥር ሥር ያለ ሰው ግን ከመጠየቁ በፊት መብቱ ሊነገረው ይገባል። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2011 ዳኞቹ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ልጁ በቁጥጥር ሥር ነበር ወይስ አልነበረም ሲባል ዕድሜው መታሰብ አለበት አሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ ክፍል ነው። ልጅ መምህሩ ሲጠይቀው እንዲመልስ ተደርጎ ያደገ ነው፤ እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የትኛው መምህር፣ የትኛው መርማሪ እንደሆነ በምን ይለየው?

ፖሊሶቹን ጭራሽ ለማስወጣት የሞከሩ ከተሞችም አሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ በ2021 ጸደይ ፖሊሶቹን ከትምህርት ቤት አስወጥታ 800 ሺህ ዶላር የሚጠጋውን በጀት ለአእምሮ ጤና አዞረች። ትምህርት ተከፍቶ ግጭትና መሣሪያ ሲከተል፣ የከተማው ምክር ቤት በጥቅምት መለሳቸው። ዴንቨርም በ2020 እንዲወጡ ወስና፣ በ2023 ሁለት የትምህርት ቤት ኃላፊዎች በተማሪ ጥይት ከቆሰሉ በኋላ መልሳለች። ይህ መመላለስ ማንንም የጠቀመ አይመስለኝም። ፖሊሱ ይቅር ወይስ ይኑር እየተባለ በሚደረገው ሙግት መሀል፣ ካለ ምን ይሥራ የሚለው ይረሳል። ሽጉጥ ይዞ የመጣ የፖሊስ ነው፤ ስልኩን አልሰጥም ያለ፣ መምህሩን የተሳደበ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የተገፋፋ ግን የርእሰ መምህሯ ነው፣ መሆንም አለበት።

ይህ ድንበር የሚሠመረው ፖሊስና ትምህርት ቤቱ በሚፈራረሙት ስምምነት ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ስምምነቱ በየሁለት ዓመቱ እንዲታይ፣ ሕዝቡም አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ወላጅ ሰነዱን ጠይቆ ማንበብ፣ እንግሊዝኛው ከከበደው ልጁን ሳይሆን ትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። መጀመሪያ መፈለግ ያለበት አንቀጽም አለ፤ ፖሊስ ልጄን ከመጠየቁ በፊት ይደወልልኛል ወይ የሚለውን የሚመልሰው።