ሴት ልጅ ድራም ብትመታ ምን ነውር አለው?

ወላጅ ልጁን ከመገሠጹ አስቀድሞ የሚገሥጽበትን ነገር መርምሮ ሊያውቀው ይገባል፤ ሳይመረምሩ የሚሰጡት ተግሣጽ ልጅን ያሳዝናል እንጂ አያርምም። ይህን የምንጽፈው ከሌላ ሰምተን ሳይሆን በገዛ ቤታችን ደርሶብን ነው።

በጉለሌ፥ በሽሮ ሜዳ አጠገብ ባለው ቤታችን፥ አንድ ማታ ዐሥራ አምስት ዓመት ከሆናት ልጃችን ክፍል እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ተቈጥተን ስልኳን ልንቀማት ብንገባ፥ «አባባ፥ እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ ይመልከቱልኝ» ብላ ለመነችን። በኢንተርኔት ያገኘችውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ብናይ፥ ፀጕራቸውን በሂጃብ የሸፈኑ ሦስት ወጣት ሴቶች የኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም ይመታሉ።

ዜማው ሄቪ ሜታል የሚባለው ነው፤ ትርጓሜውም ከባድ ብረት ማለት ነው። የጊታሩ ድምፅ በኤሌክትሪክ ኀይል ሻካራ እንዲሆን ተደርጎ ይጐላል፤ ድራሙም በሁለት እጅና በሁለት እግር ይመታል፤ ብርቱ ልምምድ የሌለው ሰው ከቶ አይዘልቀውም።

የሙዚቃው ጓድ ስም ቮይስ ኦፍ ባቼፕሮት ነው፤ ባቼፕሮትም በሱንዳ ቋንቋ ጫጫታ ማለት ነው። ማርሲያ እየዘፈነች ጊታር ትመታለች፤ ዊዲ ቤዝ ጊታር፥ ሲቲ ድራም ይዘዋል። ጓዱን ያቋቋሙት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014፥ በኢንዶኔዥያ አገር በምዕራብ ጃቫ በጋሩት፥ ገና የእስልምና ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሳሉ፥ በመምህራቸው ረዳትነት ነው። «ይህ ለሴት፥ ይልቁንም ለሃይማኖተኛ ሴት አይገባም» የሚል ተቃውሞ ከቤተ ሰብም ከውጭም ደረሰባቸው። እነርሱ ግን ሃይማኖታቸውንም ዜማቸውንም ሳይለቁ፥ በ2024 በእንግሊዝ አገር በግላስተንበሪ የሙዚቃ በዓል ተጫወቱ፤ ከኢንዶኔዥያ በዚያ የተጫወተ የመጀመሪያው ጓድ የእነርሱ ነው። ይህን ካወቅን ወዲህ ከልጃችን ይልቅ እኛ ወዳጆቻቸው ሆነናል።

ነገር ግን ልጃችን «እንግዲያስ እኔም ድራም ልማር» ባለች ጊዜ «ለሴት አይሆንም» ብለን መለስንላት። እርሷም ዐንገቷን ደፍታ፥ «በእኅቴ ሠርግ ከበሮውን የመታሁት እኔ አይደለሁም? ያን ጊዜ መርቀውኝ ነበር» አለችን። መልስ አጣን።

በሰፈራችን በሽሮ ሜዳ እንደ ልማዱ ሴት ትፈትላለች፥ ወንድ ይሸምናል። በሙዚቃም እንዲሁ ሴቷ ስትዘፍን መሣሪያውን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ወንድ ነው። ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ በመድረክ ላይ ክራር እየመቱ ዘፍነዋል። በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ምንኵስናቸውንና ፒያኖአቸውን አስማምተው ኖረዋል። እንግዲህ ጨዋነትን የሚያጠፋው የመሣሪያው ድምፅ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ስለዚህ ፈቀድንላት። የትምህርት ቤቷ ሥራ አስቀድሞ ይፈጸማል፤ ልምምዱም ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ብቻ፥ ጎረቤት አስቀድሞ ዐውቆት ይሆናል።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፤ ከልጃችሁ ክፍል እንግዳ ድምፅ ብትሰሙ፥ ከመቈጣታችሁ በፊት ተቀምጣችሁ አብራችሁ አድምጡ። ድምፁን ባትወዱት እንኳ ልጃችሁን ይበልጥ ታውቋታላችሁ።