ጠፍታ ሳለች ኃይል ስለምትበላ ታናሽ ኮምፒውተር

ኮምፒውተርን ማጥፋት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ሥራዋን ማስቆም፤ ሁለተኛው ኤሌክትሪኳን መቁረጥ ነው። ብዙ ሰው ግን ሥራዋ ከቆመ ኃይሉም የተቆረጠ ይመስለዋል። ይህንንም ራስበሪ ፓይ በምትባለው ኮምፒውተር እናስረዳለን።

ራስበሪ ፓይ አካሏ ሁሉ መዳፍ በምታህል በአንዲት ሰሌዳ ላይ የተሠራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓመት በእንግሊዝ አገር ለትምህርት እንድትረዳ ታስባ ለገበያ ወጣች፤ በ2023 ዓመትም አምስተኛይቱ ዓይነት ተከተለች። ይህችም በርታ ያለ ሥራ ስትቀመጥ 3 ዋት ያህል ትወስዳለች። እንድትጠፋ ታዝዛ ዝም ባለች ጊዜም፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣች ከሆነች፤ 1.3 ዋት ያህል መውሰዷን አትተውም። ነገሩ እንደ ተዳፈነ እሳት ነው፤ ነበልባሉ ባይታይም ፍሙ ከአመዱ በታች እንጨቱን ይበላል።

ምክንያቱም ይህ ነው፤ በላይዋ ከሚሰኩት ተጨማሪ ሰሌዳዎች አንዳንዶቹ 5 ቮልት እየመጣላቸው 3.3 ቮልት ሲቋረጥባቸው ይታወካሉ። ስለዚህ ሠሪዎቿ ከጠፋች በኋላ እንኳ ይህ ኃይል እንዳይቋረጥ አደረጉ።

1.3 ዋት ጥቂት ይመስላል፤ ዳሩ ግን በ24 ሰዓት 31 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 12 ቮልት፤ 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 240 ዋት ሰዓት ስለ ሆነ፤ ከፀሐይ ኃይል ካልተተካለት፤ አንዲት የጠፋች ኮምፒውተር በ4 ቀን እኩሌታውን፤ በ8 ቀን ሁሉን ትጨርሰዋለች። የእርሳስ ባትሪም ባዶውን ብዙ ቀን ከቆየ ይበላሻል። በክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ደመናው ሲበዛ ጉዳቱ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ስለዚህ መምህራን እንደሚከተለው ቢያደርጉ መልካም ነው። አስቀድሞ ኮምፒውተሪቱን በትእዛዝ ማጥፋት፤ ሳትጠፋ ገመዷን መንቀል የጽሑፍ ማኅደሯን ሊያበላሽ ይችላልና። ቀጥሎ በአምስተኛይቱ ላይ አረንጓዴው መብራት ወደ ቀይ እስኪለወጥ መጠበቅ፤ ቀዩም ኃይል ገና እንዳለ ምልክት ነው። በመጨረሻም በማብሪያ ማጥፊያው ኃይሉን መቁረጥ፤ ወይም ገመዱን መንቀል።

ጥበቡን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በማስነሻዋ ትእዛዝ ውስጥ «ፓወር ኦፍ ኦን ሃልት» የሚባለውን ከ0 ወደ 1 ቢለውጠው፤ ጠፍታ ሳለች የምትወስደው ከ0.1 ዋት በታች ይሆናል። ነገር ግን ተጨማሪ ሰሌዳ የተሰካባት እንደ ሆነ፤ ያ ሰሌዳ ለውጡን መቻሉን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።