ከባሕር ማዶ የሚገዛ ላፕቶፕ በእርግጥ ይረክሳልን?

አንድ ባልደረባ ለሥልጠና ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጀርመን አገር የሚሄድ መሆኑ በመሥሪያ ቤቱ የተሰማ እንደ ሆነ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ከአደራ ሰጪ አይለይም። ቀድሞ የሚታዘዘው ጫማና ሽቶ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያጫውቱናል፤ ዛሬ የሚታዘዘው ላፕቶፕ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪም ሜሪላንድ ላሉት አጎቱ የሚደውለው ስለዚሁ ነው። ምክንያቱ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «እዚያ ርካሽ ነዋ!» ይባላል። እኛም ይህ «እዚያ» የሚባለው የቱ አገር እንደ ሆነ፣ ርካሽነቱስ ከምን እንደሚመጣ፣ እርሳስና ወረቀት ይዘን ለማስላት ሞከርን።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከባንክ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው በ57 ብር ግድም ነበር። በዚህ ስሌት 600 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ 34 ሺህ ብር ያህል ይሆን ስለ ነበረ፣ ነገሩ ዓይን የሚስብ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዋጋ ዶላር ለማግኘት የታደለው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው በባንክ ዋጋ እያሰላ በጥቁር ገበያ ዋጋ ይከፍል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፣ ያው ላፕቶፕ ከ60 ሺህ ብር አልፏል። ይህ ለጀማሪ ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። በግዢው ላይ የሚደርሰውም ስሕተት እንደዚሁ የብዙ ወር ስሕተት ይሆናል።

ከገበያዎቹ ሁሉ ለአገራችን ሰው የቀረበችው ዱባይ ናት። ቡር ዱባይ ውስጥ በካሊድ ቢን አል ወሊድ ጎዳና የተደረደሩት ሱቆች መንገዱን «የኮምፒውተር መንገድ» እስከ ማሰኘት አድርሰውታል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የተጨማሪ እሴት ታክስ የጀመረችው በ2010 ዓ.ም. ሲሆን መጠኑ 5 በመቶ ነው፤ የእኛው 15 በመቶ ነው። እንግዲህ ያለ ጥርጥር በትርፍ መዝገብ ልንጽፈው የምንችለው ይህን ልዩነት ነው። ጎብኚ የሆነ ሰው ደግሞ ከአምስቱ በመቶ አብዛኛውን ማስመለስ ይችላል፤ ይኸውም ቢያንስ የ250 ድርሃም ዕቃ ገዝቶ፣ ሲገዛም ፓስፖርቱን አሳይቶ፣ በ90 ቀን ውስጥ ዕቃውን ይዞ ሲወጣ ነው። የሚመለሰው ግን ከታክሱ 85 በመቶው ነው፤ ከዚያም ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይቀነሳል። በ2,000 ድርሃም የተገዛ ላፕቶፕ ተመላሹ 80 ድርሃም አይሞላም፤ ይህም ከ20 ዶላር ብዙ አይርቅም። ለዚህችም ቢሆን ሻንጣውን ከማስረከቡ በፊት በአውሮፕላን ማረፊያው ቀርቦ ማስመዝገብ አለበት። የሚቸኩል ሰው ትቶት ይሄዳል።

ይህ መብት ለነዋሪ አይሰጥም። ስለዚህ በዚያ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ለወንድሟ ላፕቶፕ በገዛች ጊዜ ታክሱን ሙሉ በሙሉ ትከፍላለች። የእርሷን ድካም በሒሳቡ ውስጥ ካላስገባነውማ ሁሉም ነገር ርካሽ ነው!

በአሜሪካ የሚያታልለው ሌላ ነገር ነው። በዚያ አገር በዕቃው ላይ የተለጠፈው ዋጋ የሽያጭ ግብርን አይጨምርም፤ ግብሩ የሚደመረው ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ሲደረስ ነው። ሜሪላንድ 6 በመቶ ስለምታስከፍል፣ 600 ዶላር የተባለው 636 ዶላር ይሆናል። ጎረቤቷ ደላዌር ግን የሽያጭ ግብር የላትም። አጎት 36 ዶላሩን ለማዳን ሲሉ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተው የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ቢነዱ፣ ቤንዚኑና የመንገዱ ክፍያ ከትርፉ ላይ የሚበላው ቀላል አይደለም። የዕረፍት ቀናቸውንስ ማን ይመልስላቸዋል?

ስለ አውሮፓ ብዙ አንልም። በጀርመን 19 በመቶው ታክስ በተለጠፈው ዋጋ ውስጥ አለ፤ ነዋሪነቱ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነ መንገደኛ ከ50 ዩሮ በላይ ሲገዛ የጉምሩክ ማኅተም አስመትቶ ከፊሉን ሊያስመልስ ይችላል። ታላቋ ብሪታንያ ግን ዕቃውን በሻንጣው ይዞ ለሚወጣ መንገደኛ ታክስ መመለስን ከእ.ኤ.አ. 2021 መግቢያ ጀምሮ አቁማለች። ከለንደን ታክስ አስመልሳለሁ የሚል ሰው ያገኘን እንደ ሆነ የሰማው የድሮ ወሬ መሆኑን እንንገረው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ አዲስ ላፕቶፕ ነው። አብዛኛው ሰው «በግማሽ ዋጋ አገኘሁ» ብሎ የሚደሰትበት ግን ያገለገለው ነው። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይህ ማለት መኪናው ያን ቀን ጠፋ ማለት አይደለም፤ የደኅንነት ማሻሻያው ተቋረጠበት ማለት ነው። የመሥሪያ ቤት ሰነድና የባንክ ምሥጢር ቁጥር ለሚያዝበት ዕቃ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አንጎለ ኮምፒውተሮች አይቀበልም። እንግዲህ በውጭ አገር ኩባንያዎች እያወጡ የሚሸጡት አሮጌ ላፕቶፕ በርካሽ ቢገኝ ምን ይደንቃል?

ትውልዱን ለይቶ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ሻጩ «ኮር አይ 5 ነው፣ ኮር አይ 7 ነው» ሲል በዚያ አትርኩ፤ አይ 7 ሆኖ የ10 ዓመት አሮጌ የሆነ ሞልቷል። የሚታየው ከዚያ ቀጥሎ ያለው አራት ወይም አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ በ8፣ በ9 ወይም በ1 ከጀመረ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው፤ ከ2 እስከ 7 ባሉት ከጀመረ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢያማልል ይቅር። ለምሳሌ 8250 የሚለው ይገዛል፤ 7200 የሚለው አይገዛም። ይህችን ብቻ ያወቀ ሰው ከብዙ ጸጸት ይድናል ብለን እናምናለን።

ሌላው ችግር ቁልፍ ነው፤ የበር ቁልፍ ማለታችን አይደለም። ከኩባንያ ወይም ከትምህርት ቤት የወጣ ላፕቶፕ በቀድሞ ባለቤቱ መዝገብ ሥር እንዳለ ሊሸጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ ታጥቦ እንደ አዲስ ሲከፈትና ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የዚያን መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የአፕል ላፕቶፕም የቀድሞ ባለቤቱ ከመለያው ካላላቀቀው ለአዲሱ ሰው አይታዘዝም። ስለዚህ ገዢው እዚያው ሱቁ ውስጥ እንደ አዲስ አስከፍቶና ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ሳያይ ገንዘቡን መክፈል የለበትም። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ጥያቄው ቢመጣ ለማን አቤት ይባላል?

ማኅደረ ትውስታውም፣ በተለምዶ ራም የሚባለው፣ በጥንቃቄ ይታይ። አፕል ማክቡክ ኤርን ከ16 ጊጋባይት ጀምሮ መሸጥ የጀመረው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት መነሻው 8 ነበር። በዚህ ላፕቶፕ ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚሠራ ኋላ እጨምርበታለሁ ማለት አይቻልም። በርካሽ የሚቀርበው ባለ 8ቱ ነውና ገዢው ይህን ዐውቆ ይግባበት።

የፊደል ገበታውም አገር አለው። ለጀርመን ገበያ በተሠራው ላይ «ዋይ» እና «ዜድ» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ቦታ ተለዋውጠዋል። በላቲን ድምፅ አማርኛ መጻፍ የለመደ ጸሐፊ «የ» ሲል «ዘ» እየወጣበት ደብዳቤው ሁሉ መሳቂያ ይሆናል። አሠራሩን ወደ እንግሊዝኛው መለወጥ ይቻላል፤ ያን ጊዜም ጣቱ የሚነካውና ዓይኑ የሚያየው አይገጥሙም። ስለ ኤሌክትሪኩ ግን ብዙዎች ያለ ምክንያት ይፈራሉ። በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት በአሜሪካም በእኛም አገር ይሠራል፤ የሚለወጠው ግድግዳው ላይ የሚሰካው ገመድ ብቻ ነው፤ እርሱም በቀላል ዋጋ ይገኛል።

ዋስትናን በተመለከተ፣ በተሸጠበት አገር ብቻ የሚጸና አለ፤ በሌላም አገር የሚያገለግል አለ። ይህን ከመግዛት በፊት ከአምራቹ መጠየቅ ይገባል። መገናኛ ወይም ቦሌ ካለ ሱቅ በደረሰኝ የተገዛ ላፕቶፕ ቢበላሽ በታክሲ ሄዶ ሻጩን መሞገት ይቻላል። ልዩነቱ አምስትና ስድስት ሺህ ብር ብቻ ከሆነ እኛ በበኩላችን ከዚሁ መግዛትን እንመርጣለን። ለራሱ ጉዳይ የሚሄድና ዕቃውን በዓይኑ አይቶ የሚገዛ ሰው ግን ከዱባይ ቢገዛ ያዋጣዋል።

በሰው እጅ ማስመጣት የግድ ከሆነ ደግሞ የተላከው ሰው አይቸገር። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው በእጅ ሻንጣ ቢያዝ ይሻላል፤ ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክማ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ጨርሶ አይፈቀድም። አንድ የግል መገልገያውን የያዘ መንገደኛና አምስት አዳዲስ ላፕቶፕ በካርቶን የተሸከመ መንገደኛም በጉምሩክ ፊት እኩል አይታዩም። አደራ ሰጪው ከገንዘቡ ጋር አንድ ወረቀት ይስጥ፤ በወረቀቱም የአንጎለ ኮምፒውተሩን ቁጥር፣ የራሙን መጠንና የፊደል ገበታውን ዓይነት ይጻፍ። በመጨረሻም ከዚህ ዋጋ ካለፈ ይቅር የሚል መስመር ያክልበት፤ ተልእኮኛው በሰው አገር ሱቅ ውስጥ ቆሞ በሌላ ሰው ገንዘብ እንዳይጨነቅ።