በራሱ የማይጸና ፊርማ

ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ ራስ መኮንን ድልድይን የተሻገረ እግረኛ ዳገቱን ሲጨርስ አራት ኪሎ ይደርሳል። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እዚያው ሰፈር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1901 ዓ.ም. ካስከፈቱት ወዲህ ብዙ ባለሥልጣንና ምሁር ወጥቶበታል። ከተማሪዎቹ አንዷ ሰሌዳውን ሳታይ የተማረችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ ናት።

የትነበርሽ ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ወሎ፣ ሳይንት ውስጥ ተወለደች። በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። በዚያ ዘመን በአካባቢው ሴት ልጅ ነፍስ ሳታውቅ ትዳር ነበር፤ ለልጁ ዓይነ ስውር የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ዓይነ ስውርነቷ ያለ ዕድሜ ከመዳር እንዳስመለጣት ራሷ በየመድረኩ ትናገራለች። ቤተሰቧ ሻሸመኔ ወደሚገኘው የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት ላካት፤ ብሬይል እዚያ ተማረች። ከዚያ ምኒልክ ገብታ ከሚያዩ ልጆች ጋር ተቀመጠች፤ የተማሪ ኮሚቴዎችንም መራች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ በሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪ ጨመረችበት።

ዓይነ ስውር ምሁር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤት ቅኔ የሚነጥቅ፣ ዜማ የሚያቀና ዓይነ ስውር መሪጌታ ብርቅ ሆኖ አያውቅም፤ ትምህርቱ በቃል ነዋ! ጭንቀቱን ያመጣው ወረቀትና ማኅተም የለመደው ዘመናዊው ቢሮ ነው።

የትነበርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ወሰደች። በዚያው ዓመት ከተሸለሙት መካከል ሕንዳዊው ኮሊን ጎንሳልቬስና አሜሪካዊው ሮበርት ቢሎትም የሕግ ሰዎች ናቸው። አገር ቤትም በኩራት ተጨበጨበላት።

በማጨብጨብ በኩል እንኳ አንታማም። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ ኖርዌይ ላይም በበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። እኛ ግን የምንተርከው በባዶ እግሩ የሮጠበትን የሮምን ድል ነው። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ለአገሯ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣም ደስታው ሞቅ ብሎ በረደ።

ጭብጨባው ያልነካው ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 ንዑስ አንቀጽ 3፣ የዓይነ ስውርን ፊርማና ማንበብ መጻፍ የማይችል ሰውን ፊርማ አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። የሁለቱም ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ፈራሚውን አያስገድደውም። ሁለት ዲግሪ ያላት የሕግ ባለሙያ በዚህ አንቀጽ ዓይን ፊደል ካልቆጠረ ሰው እኩል ናት።

የሕጉ ሐሳብ ክፉ አልነበረም፤ ያላየውን ወረቀት አስፈርመው እንዳያታልሉት ነው። ውጤቱ ግን ተገልብጧል። ፊርማው ደንበኛውን ካላሰረ ባንኩ በምን ተማምኖ ያበድራል? በምን ተማምኖ ቼክ ይሰጣል? ስለዚህ «የሚያይ ሰው ይዘህ ና» ይባላል። የሂሳቡን መጠንና የሚስጥር ቁጥሩን ሌላ ሰው ያይለታል። ከአታላይ ሊጠብቀው የወጣው ሕግ ገንዘቡን በሌላ ሰው ዓይን ሥር አስቀመጠው ማለት ነው። ከሁሉ የሚከነክነኝ ይኼ ነው።

ስለ ሥራ ቅጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የተሻለ ነው። አድልዎ ደረሰብኝ የሚል አካል ጉዳተኛ ክስ ሲያቀርብ የማስረዳቱ ሸክም በአሠሪው ላይ ይወድቃል። ሆኖም «የሥራው ጠባይ ካልፈቀደ» የምትል ማምለጫ አለችው። ከዳኝነት ወንበር ጀምሮ «ይህ ሥራ ማየትን ይጠይቃል» የሚለው መልስ የሚወጣው ከዚያች በር ነው። ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ባለበት ዘመን በሩ ጠበብ ማለት ነበረበት።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመምራትና የባንክ ብድር በእኩልነት የማግኘት መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ንዑስ አንቀጽ ለማሻሻል አዲስ ኮሚሽን ማቋቋምም ሆነ ዓለም አቀፍ ጉባኤ መጥራት አያስፈልገውም። የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ አንቀጽ 1728(3)ን አሻሽሉት።