መስከረምና አንዱ ደመወዝ

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍለው፣ ለያንዳንዱም ስሙንና ዜማውን ሰጥተው ባቆዩልን ሥርዓት መሠረት ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል፤ በማግሥቱም ዘመነ መጸው ይተካል፣ ጾመ ጽጌም ይገባል። ይህን በእርጋታ የተሠራ የአበው ስሌት እያወቀውና እያከበረው፣ ልጆች የሚያስተምር የአዲስ አበባ ቤተ ሰብ በዚሁ ወር የሚመራበት ሌላ ባሕረ ሐሳብ አለው፤ ይኸውም የምዝገባ ማስታወቂያ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈበት ቀን ተነሥቶ፣ በደብተርና በደንብ ልብስ፣ በዐውደ ዓመት ዶሮና በደመራ፣ በሰርቪስና በቱቶር መካከል እየተዘዋወረ፣ ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ በሚያልቅበት ዕለት ላይ የሚያርፍ ቁጥር ነው። ነገሩ በየቤቱ ሲነሣ የሴቲቱ የአያያዝ ጉድለት ወይም የአባወራው የኪስ ድካም ተደርጎ ይቈጠራል እንጂ የሕዝብ ጉዳይ ተብሎ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። እኔ ግን በየመስከረሙ የሚደጋገም፣ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ቤተ ሰብንም በአንድ ሳምንት አንድ ላይ የሚይዝ ጭንቀት መነሻው በየጓዳው ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ደመወዙን እንመልከት። ዓመታችን ዐሥራ ሦስት ወር ነው፤ የደመወዝ መዝገብ ግን የሚያውቀው ዐሥራ ሁለቱን ብቻ ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ስድስት ቀን ሆና፣ ያለ ክፍያ ታልፋለች፤ ስለዚህ የነሐሴ መጨረሻ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን መድረስ ይገባዋል። ልጆች በጳጉሜን 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡን ጠበል ብለው እየጮሁ ሲታጠቡበት ባለ ደመወዙ አባት በመስኮት ቆሞ የሚያስበው የዝናቡን በረከት ብቻ አይመስለኝም። ከዓመቱ የደመወዝ ወሮች ሁሉ የረዘመው ይህ ሆኖ ሳለ ወጪውም ከሁሉ የከበደው በዚሁ ላይ ወድቋል፤ ርእሰ ዐውደ ዓመት ሲመጣ ዶሮው፣ ቅቤውና የልጆቹ አዲስ ልብስ አለ፤ ከዚያ በኋላ መመዝገቢያውና የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ክፍያ ይከተላል፤ ገና እርሱ ሳይጠቃለል ደመራ ይደርሳል። አስተዋይ እናቶች ይህን ከጥንት ስለሚያውቁ ዕቁባቸውን በየካቲት ወይም በመጋቢት ጀምረው ዕጣው በነሐሴ ይደርሳቸው ዘንድ ይመኛሉ፤ ያልደረሳቸውም ከደረሰው ሰው ጥቂት ጨምረው ዕጣውን ይገዛሉ። መንግሥትና ትምህርት ቤት ያላሰቡለትን ክፍተት ዕቁብተኛዋ በገዛ ጥበቧ ስትሞላ ኖራለች ማለት ነው።

በዓላቱም የየራሳቸው ባለቤት አላቸው። መስከረም 16 ደመራ፣ መስከረም 17 መስቀል፣ መስከረም 21 ግሸን ማርያም በቤተ ክርስቲያን ቀመር የጸኑ ናቸው፤ መውሊድ ግን በጨረቃ ስለሚቈጠር ከዓመት ዓመት ቀኑን ይለውጣል፤ በ2016 ዓ.ም. መውሊድና ደመራ በአንድ ቀን የዋሉት በዚህ ምክንያት ነው። ኢሬቻም ከመስቀል በኋላ ይከተላል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከቢሾፍቱው ሌላ በአዲስ አበባም ይከበራል። የትምህርት ቢሮ ደግሞ የራሱን የትምህርት ዘመን ሠሌዳ ያወጣል፤ ገበያው ማንንም ሳይጠይቅ ዋጋውን ይቈርጣል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ተማክረው አያውቁም፤ ምክራቸው የሚገጥመው በአንዲት እናት ጭንቅላት ውስጥ ነው።

የመስቀልን ነገር ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። መርካቶ ሱቅ ያለው የጉራጌ ተወላጅ፣ ዓመቱን ሙሉ በሩን ሳይዘጋ ቢከርምም፣ ለመስቀል አገሩ መግባት የማይቀርለት ዕዳው ነው፤ ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ ጥበብ የሚሸምነው የጋሞ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ወላይታው የጊፋታን በዓል የሚያከብረውም በዚሁ ወር ነው። ልጆቹም አብረው ይሄዳሉ። መምህራን ይህን ከልምድ ስለሚያውቁ ብዙዎቹ እስከ መስቀል ማግሥት ድረስ ዋናውን ትምህርት ለመጀመር ያመነታሉ፤ የጀመሩትም ለተመላሾቹ ደግመው ለማስረዳት ይገደዳሉ። አንዳንድ ርእሰ መምህራን ይህን በቀሪነት መዝግበው ወላጅን ይወቅሳሉ። እኔ በዚህ ከወቃሾቹ ጋር አልቆምም፤ በአያቱ ደጅ ደመራ ሲለኮስ ያየ፣ ክትፎውን ከዘመዶቹ ጋር በአንድ ጣባ የቀመሰ ልጅ የወገኑን ቋንቋና የትውልዱን ሐረግ በዚያ ሳምንት ይማራል፤ በሠሌዳው ላይ ለዚህ የሚሆን ሳምንት አለመተዉ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ለመሆኑ ትምህርት በመስከረም እንዲከፈት ያደረገው ምንድር ነው? ወንዝ ሞልቶ መንገድ በሚቋረጥበት፣ ጭቃው ከጉልበት በሚደርስበት ክረምት ተማሪን ማሳረፍ፣ ሰማዩ ሲጠራም መጥራት ለዚያ ዘመን ትክክለኛ ፍርድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በ1917 ዓ.ም. ሲቋቋሙ የተማሪው ቁጥር ጥቂት ነበር፤ ከነርሱም አዳሪ ለሆኑት ቀለባቸውና መኝታቸው የትምህርት ቤቱ ሐሳብ ነበር እንጂ የእናታቸው አልነበረም። ዛሬ ያ ሥርዓት ተለውጦ የከተማው ልጅ ሁሉ ከቤቱ እየተመላለሰ ይማራል፤ የመክፈቻው ወር ግን አልተነካም። በገጠር ደግሞ ነገሩ በሌላ ፊት ይመጣል፤ መስከረምና ጥቅምት እሸት የሚጠበቅበት፣ ወፍና ዝንጀሮ የሚባረርበት ወራት ነውና ገበሬው ልጁን ከማሳው ዳር አንሥቶ ለመምህሩ ለመስጠት ሲያመነታ ምዝገባው ይጓተታል።

ስለ ዋጋው ብዙ ማተት አያስፈልግም፤ አንባቢ በኪሱ ያውቀዋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ ወረቀቱም ቦርሳውም ከባሕር ማዶ የሚመጣው የተማሪ ዕቃ መወደዱ የማይቀር ነበር። በዚህ ረገድ መልካም የተሠራውን መመስከር ይገባል፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስና ደብተር በነፃ ማደል መጀመሩ፣ ምገባውንም ማስፋፋቱ፣ በኔ ግምት ለመስከረም ችግር እስከ ዛሬ ከተሰጡት መፍትሔዎች ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ከድኻይቱ እናት ትከሻ ላይ ምሳ ዕቃውንም ደብተሩንም በአንድ ጊዜ አውርዶላታልና። የግል ትምህርት ቤት ወላጅ ግን የክፍያ ጭማሪ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይነገረዋል፤ ለክርክርና ለስምምነት የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው፤ ልጁን አንሥቶ ወደ ሌላ እንዳይወስድም ሌላው ምዝገባውን ዘግቷል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያደክመው ግን ርቀቱ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በከተማው ዳርቻ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ሲሠሩ ቤተ ሰቡ ወደ ዳር ወጣ፤ ጥሩ ስም ያላቸው ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶቹ ግን አብዛኞቹ በመሐል ከተማ ቀሩ። ስለዚህ እናት ከንጋቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትነሣለች። ምሳ ዕቃው ሦስት ነው እንበል፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ለታላላቆቹ የጾም ፍርፍር፣ ሰባት ዓመት ላልሞላው ለታናሹ እንቁላል ይሠራል፤ ጾመ ጽጌ ሲገባም የፈቃድ ጾም ነውና አያት ከቤት ካሉ አሳባቸው ይጠየቃል። በ12 ሰዓት የሰርቪሱ ጥሩንባ ይሰማል፤ የአንዱ ልጅ ካልሲ በዚያች ሰዓት ጠፍታ የማታውቅ ከሆነ ያ ቤት የተባረከ ነው። ሰርቪሱ የማይደርስበት ሰፈር ያለ ወላጅ ልጁን በእጁ ይዞ የታክሲ ሰልፍ ይቆማል፤ ከዚያም ሌላ ሰልፍ ቆሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ማታ ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ደግሞ የቤት ሥራው አለ፤ የሁሉም ሲጠናቀቅ፣ በ3 ሰዓት ገደማ፣ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልእክት ይገባል፦ ነገ ለአርት ክፍለ ጊዜ ባለ ቀለም ወረቀትና ሙጫ ይዘው እንዲመጡ። በዚያች ሰዓት ባለ ቀለም ወረቀት የሚሸጥ ሱቅ በቦሌ አራብሳ የት እንዳለ መልእክቱን የጻፉት መምህርት አይነግሩንም። በጥንቱ ኮሚኒኬሽን ቡክ ዘመን ቢያንስ ትእዛዙ ከልጁ ጋር በቀን ብርሃን ወደ ቤት ይገባ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የአባትየው ድርሻ ምንድር ነው ያልን እንደ ሆነ፣ ክፍያውን በባንክ አስገብቶ ደረሰኙን ሲያመጣ ግዴታውን የፈጸመ የሚመስለው ብዙ ነው። ግሩፑ ላይ ስልኩ ያልተመዘገበ አባት የልጁ የፈተና ቀን መቼ እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም፤ ደግነቱ ሁሉ ቢኖረው እንኳ።

ከመደበኛው ትምህርት በላይ የሚጨመረው ትርፍ ሥራ ከጊዜ ወደ ጊዜ የበዛበት የታወቀ ምክንያት አለው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲገለጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበር። ይህን የሰማ ወላጅ ደነገጠ፤ የደነገጠ ወላጅም ቱቶር ቀጠረ፣ ገና አንደኛ ክፍል ላለው ልጅ ሳይቀር። እንግዲህ የልጁ ሳምንት እንዲህ ተሞላ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርትና ቱቶር፣ ቅዳሜ ቴኳንዶ ወይም የሰፈሩ የእግር ኳስ ፕሮጀክት፣ እሑድ ቅዳሴና ሰንበት ትምህርት ቤት፤ የሙስሊሙ ልጅም እንዲሁ መድረሳ አለበት። ከነዚህ አንዱን አስቀሩ ብባል ያለ ማመንታት የታናናሾቹን ቱቶር አስቀር ነበር። በክፍል ውስጥ ያልተሰጠውን በማታ በገንዘብ መግዛት ትምህርት ቤቱን ከተጠያቂነት ያወጣል፤ ልጁንም ከጨዋታው ይለያል፤ ኳሱና መዝሙሩ ግን በሌላ አይተኩም።

ወደ ውጭ የሄዱት ወገኖቻችንም ከዚህ ነፃ አልወጡም፣ መልኩ ብቻ ተለወጠ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ፣ ትምህርት የሚከፈተው ገና ነሐሴ ሳያልቅ ወይም በጳጉሜን አካባቢ በመሆኑ እንቁጣጣሽ ብዙውን ጊዜ በትምህርት ቀን ይውላል፤ ደመራውንም ብዙ አጥቢያ ወደ ሰንበት ያዛውረዋል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን ማስታወቂያ በአማርኛም ማውጣታቸው ትልቅ ቸርነት ነው፤ የማታ ተረኛ ሆና የምትሠራ እናት የስብሰባውን ሰዓት በገዛ ቋንቋዋ ታነባለች፣ በሰዓቱ ለመድረስ ግን ቋንቋው አይረዳትም። በእስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤል ደግሞ ትምህርት በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ የአይሁድ ታላላቅ በዓላት ተከታትለው ስለሚመጡባቸው፣ ከስርየት ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውለው ስግድም ስለሚጨመር፣ ወራቱን በጉዞና በዝግጅት ያሳልፋሉ፤ ብቻ በዚያ በዓላቱ በትምህርት ዘመኑ ሠሌዳ ላይ ገብተው ይገኛሉ።

ሠሌዳው አይነካም የሚል ቢኖር የቅርቡን ዘመን ያስታውስ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ የተከፈቱት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናም የተሰጠው ዓመቱ ተለውጦ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር። አገር በመከራ ጊዜ ያንቀሳቀሰውን ሠሌዳ በደኅናው ጊዜ በጥቂቱ ማስተካከል አያቅታትም። መክፈቻው እንኳ በመስከረም ቢጸና፣ ምዝገባው በሰኔ ሊያልቅ፣ የደብተሩና የመጽሐፉ ዝርዝር ልጁ ካርዱን ሲቀበል አብሮ ሊሰጥ፣ ክፍያው በሩብ ዓመት መሆኑ ቀርቶ በየወሩ ሊከፋፈል፣ የደንብ ልብሱ መልክ ሳይለዋወጥ ከማንኛውም ሱቅ ሊገዛ፣ ከመስቀል በፊትም ፈተና ላይኖር ይችላል። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አይጠበቅም፤ በያንዳንዱ ትምህርት ቤት ያለው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት አጀንዳ አስይዞ ሊመክርበት፣ ሊወስንበትም ይቻለዋል። ስለዚህ የዘንድሮው የሰኔ ስብሰባ ሲጠራ፣ አባቶች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁን ብቻ አትላኩ፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ ምዝገባውና ክፍያው ከመስከረም እንዲወጣ ጠይቁ፣ መልሱንም በቃለ ጉባኤ አስመዝግቡ።